ጎሹ ስንት ሜትር ላይ ሲሆን ነው ቃታ የሚሳበው?

አደገኛ የሚባሉትን ትልልቅ አውሬዎች ለማደን የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጠመንጃ ነው። የቱ ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት) ይሻላል? የቱ ጥይት? ስለ ርቀት የሚያነሳ ጥቂት ነው፤ ካነሳም «ይሄ ጠመንጃ እስከ ስንት ሜትር ይገድላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከመነሻው ተሳስቷል። ጠመንጃው 300 ሜትር ላይም ይገድላል። አንተ ግን አትገድልም፤ ታቆስላለህ እንጂ።

ድኩላ ብታቆስል ይጠፋብሃል፣ ያሳዝናል፣ አለቀ። ጎሽ ካቆሰልክ ግን ጣጣው ገና መጀመሩ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ አንዳንዴም የራሱን ዱካ ዞሮ መጥቶ በጎን ይጠብቅሃል። ተከትሎት የሚገባ ደግሞ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንተ ሳትሆን አደኑን የሚመራው መሪ አዳኝ ወይም ዱካ አንባቢው ነው። ስለዚህ ርቀት ስትመርጥ በሌላ ሰው ነፍስም ላይ እየወሰንክ ነው።

እኔ ርቀትን የማስበው በሁለት ድንበር ነው። አንዱ የሩቁ ነው፦ ከዚህ ወዲያ የመጀመሪያው ጥይት የት እንደሚያርፍ እርግጠኛ አይደለሁም። ሌላው የቅርቡ ነው፦ ከዚህ ወዲህ አውሬው ቢመጣብኝ ሁለተኛ ጥይት የምተኩስበት ጊዜ የለኝም። በሁለቱ መሃል ያለችው ቦታ ናት የመተኮሻ ርቀትህ። አንዳንድ ሰው ላይ ይህቺ ቦታ በጣም ጠባብ ናት፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ።

መጀመሪያ የሩቁን እንይ። በ1912 የወጣው 375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም የሚባለው የጥይት ዓይነት ዛሬም ለዚህ አደን እንደ መነሻ ይቆጠራል፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም ለነዚህ አውሬዎች የሚፈቅዱት ትንሹ መጠን እሱ ወይም እሱን የሚቀራረብ ነው። 19.4 ግራም አረር በሴኮንድ ወደ 770 ሜትር ፍጥነት ይወረውራል። ጠመንጃው 100 ሜትር ላይ ያነጣጠርክበትን እንዲመታ ተስተካክሎ ከሆነ 200 ሜትር ላይ አረሩ ዝቅ የሚለው 15 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ብዙ አይደለም። ሰው ይህን ቁጥር ያይና «እንዲህ ከሆነማ 200 ሜትር ምን አላት!» ይላል። ችግሩ አረሩ መውረዱ አይደለም። ችግሩ እጅህ ነው። 50 ሜትር ላይ አምስት ሳንቲሜትር የሚያስት የእጅ መንቀጥቀጥ 150 ሜትር ላይ አስራ አምስት ያስታል።

ጊዜም አለ። 100 ሜትር ለመሄድ አረሩ ከሴኮንድ አንድ ሰባተኛ ያህል ይፈጅበታል። ጎሹ ዝም ብሎ እየተራመደ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ሃያ ሳንቲሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል፤ ልቡ ላይ ያነጣጠርከው ወደ ሆዱ እየሸሸ ነው ማለት ነው። 40 ሜትር ላይ ልዩነቱ ከስምንት ሳንቲሜትር አይበልጥም። በነገራችን ላይ ይህ ስሌት አንተ ቃታውን ለመሳብ የወሰደብህን ጊዜ አልቆጠረም።

የራስህን የሩቅ ድንበር የምታውቀው በሙከራ ብቻ ነው። ከአደኑ ሁለት ሶስት ወር በፊት ጀምር። ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ወረቀት ስቀል፤ የጎሽ ልብና በዙሪያው ያለው ገዳይ ቦታ ከዚህ ይሰፋል፣ ግን ሆን ብለን ነው ያጠበብነው። ጠረጴዛ ላይ ተደግፈህ አትተኩስ። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ፈጠን ብለህ ሂድ፣ ትንፋሽህ ከፍ ዝቅ እያለ ባለ ሶስት እግር መደገፊያውን ዘርጋ፣ በአስር ሴኮንድ ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ተኩስ። ከዚያ እረፍ። ደግመህ ሂድ። በየርቀቱ አስር ጊዜ ተኩስ፤ ከ40 ሜትር ጀምረህ አስሩም እየገቡ እስከሆነ ድረስ እየራቅክ ሂድ፤ አንዲት እንኳ የወጣችበት ቦታ ላይ ቁም። ከዚያ ከመጨረሻዋ ንጹህ ርቀት ላይ ሲሶውን ቀንስ፤ ወረቀት አያስፈራማ፣ ጎሽ ግን ሲያይህ ልብህ የምትመታው ሌላ ምት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሆኜ 100 ሜትር ላይ ሶስት ጥይት እንቁላል በምታክል ቦታ ላይ ከትቼ ነበር፤ ወረቀቱንም አጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። አብሮኝ የነበረው መሪ አዳኝ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ጥሩ ነው፣ እስኪ ያቺን ዛፍ ዙረህ ና» አለኝ። ሮጬ መጣሁ። በመደገፊያው ላይ ከተኮስኳቸው አምስት ሁለቱ ብቻ ገቡ። 50 ሜትር ላይ ደገምኩት፣ አምስቱም ገቡ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ያኔ ጎሽ ላይ ከ50 አላልፍም ማለት ነበር፤ አለቀ ደቀቀ።

አሁን ወደ ቅርቡ ድንበር። እዚህ ላይ ሒሳቡ ያስደነግጣል። ጎሽ ሲያጠቃ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሮጣል፤ በሴኮንድ 14 ሜትር በለው። ከ40 ሜትር ተነስቶ ከመጣ ከሶስት ሴኮንድ በታች አለህ። ከ20 ሜትር ከሆነ አንድ ተኩል። በዚህች ጊዜ ውስጥ መምጣቱን መገንዘብ፣ መቀርቀሪያውን ስበህ ጥይት ማጉረስ፣ ማነጣጠር፣ መተኮስ አለብህ። ለዚህ ነው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ እስከ ዛሬ ያልጠፋው፤ ሁለተኛዋ ጥይት ምንም ሳይነካ ዝግጁ ናት። መቀርቀሪያው እየተሳበ የሚጎርስ ጠመንጃ ከያዝክ ደግሞ ሰደፉን ከትከሻህ ሳታወርድ ማጉረስን ባዶውን በቀን መቶ ጊዜ ተለማመድ። ሰደፉን ብብቱ ስር ሸጉጦ ወደ ታች እያየ የሚያጎርስ ሰው አይቻለሁ። ለወረቀት ይሆናል።

አንበሳ ደግሞ ሌላ ነው። በአጭር ርቀት በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ግማሹን እንኳ ብትወስድ 30 ሜትር ምንም አይደለችም። ነብር ከሱ ቢዘገይም አካሉ ትንሽ ነው፣ መሬት ለመሬት ነው የሚመጣው፣ ለማነጣጠርም አይመችም። ዝሆን ከሁሉም ቀርፋፋው ነው፤ ሲለካ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሄድ ታይቷል። ቀርፋፋ ስልህ ግን አንተ ቁጥቋጦ ውስጥ ከምትሮጠው ይፈጥናል፤ ቁጥቋጦው ለሱ ሳር ነው።

እና ለየአውሬው ስንት? ጎሽ ላይ ከ40 እስከ 80 ሜትር ያለው ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው። ከ100 በላይ ሲሆን ሜዳው ግልጥ፣ አውሬው የቆመ፣ ድጋፉ የጸና ካልሆነ እኔ አልነካም። አንበሳ ላይ ከ50 እስከ 70። ነብር አብዛኛውን ጊዜ በማባበያ ስጋ ላይ ስለሚታደን ርቀቱን አስቀድመህ የምትወስነው አንተው ነህ፤ ማድፈጫውን ስጋው ከተሰቀለበት ዛፍ ከ50 እስከ 70 ሜትር ላይ ስራ። ከዚያ ከቀረብክ ትንፋሽህንም ይሰማል፤ ከራቅክ ደግሞ የሚመጣው ሲመሽ ስለሆነ ነጠብጣቡን ከቅርንጫፉ ጥላ መለየት ያቅትሃል። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚታይህ ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ ነው፤ ዒላማው ጠባብ ስለሆነ በደንብ ተደግፈህ 50 ሜትር ገደማ ሁን። የብስ ላይ ያለ ጉማሬ ከሆነ አንተና ውሃው አንድ አቅጣጫ እንዳትሆኑ፤ መንገዱ ላይ የቆመ ሰው የለም ብሎ ነው የሚሮጠው።

ዝሆን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ላይ መቅረብ ግድ ነው፤ ከ15 እስከ 30 ሜትር። አንጎሉ ሰው ከሚገምተው ወደ ታችና ወደ ኋላ ነው ያለው፤ ሁለቱን የጆሮ ቀዳዳዎች በሚያገናኘው መስመር ላይ። አሁን ልብ በል፦ በቀረብክ ቁጥር የምታየው ወደ ላይ ነው፣ አረሩም ወደ ላይ እያዘነበለ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከፊት ለፊት ሆነህ 30 ሜትር ላይ ያነጣጠርክበት የግንባር ቦታ 10 ሜትር ላይ ስህተት ነው፤ አንጎሉን በላይ በኩል ታልፈዋለህ። መቅረብ ማለት ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር ማለት ነው። ራሱን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግም ቦታው አብሮ ይቀየራል። ይህ በጭንቅላትህ ውስጥ እንደ ሥዕል ካልተቀመጠ የጎን ልብና ሳንባ ላይ ብትተኩስ ይሻላል።

ጠመንጃው ላይ ስላለው ማነጣጠሪያ መነጽር አንድ ነገር። ቅርብ ላይ ማጉላት ጠላትህ ነው። ማጉሊያውን ስድስት ላይ ትተህ 15 ሜትር ላይ ጎሽ ብታይ የሚታይህ ጥቁር ቆዳ ብቻ ነው። ወርቹ ይሁን ዳሌው አታውቅም። ስትሄድ ሁልጊዜ ማጉሊያውን ወደ አንድ ዝቅ አድርገው፤ ለማጉላት ጊዜ የሚኖርህ አውሬው ሲርቅ ነው፣ ሲቀርብ አይደለም። ሌላው ደግሞ መነጽሩ ከአፈሙዙ በላይ አራት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። አምስት ሜትር ላይ ስትተኩስ አረሩ ካየህበት ቦታ ያንን ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። ልብ ላይ ምንም አይደለም። አንጎል ላይ ግን ነው።

ስትጠጋ ርቀቱን የሚወስንልህ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከጀርባህ ከዞረ 200 ሜትር ላይም ብትሆን ታውቀሃል። የሌዘር ርቀት መለኪያ ጥሩ ነው፣ ግን ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚነግርህ ከፊትህ ያለችውን ቅጠል ርቀት ሊሆን ይችላል፤ በዓይንህ መገመትን ተለማመድ። ቅጠልና ጭራሮ ካነሳን ደግሞ ከባድ አረር ቁጥቋጦ በስቶ ያልፋል የሚባለውን እርሳው። ይስታል። ጭራሮው አውሬውን ተጠግቶ ያለ ከሆነ የሚያስተው ትንሽ ነው፤ በመሃል መንገድ ላይ ወይም ወደ አንተ የቀረበ ከሆነ ብዙ ያስታል። ስለዚህ 60 ሜትር ላይ በጭራሮ መሃል ከምትተኩስ 45 ላይ ክፍት ቦታ ፈልግ።

መንጋ ከሆነ የኋላውን እይ። ሥጋ ሲመታ ጫፉ የማይከፈተው ሶሊድ የሚባለው አረር ጎሽ በስቶ ወጥቶ ሌላ ጎሽ ሊያቆስል ይችላል፤ ያኔ ሁለት የቆሰለ አለህ። የመጀመሪያው ጥይት የሚከፈተው አረር የሚሆነው በዚህም ምክንያት ነው፣ ተከታዮቹ ሶሊድ። ማነጣጠሪያህ በፊት እግሩ መስመር ላይ፣ ከደረቱ ታች ሲሶ ከፍ ብሎ። ከፍ አታድርግ። ጀርባው ላይ ያለው ጉብታ ዓይን ያታልላል፤ ከላይ የመታኸው ዱብ ብሎ ይወድቅና ጨብጠህ ስትደሰት ተነስቶ ይሄዳል።

ርቀት ስትመርጥ የምትተኩስበትን ብቻ ሳይሆን ከተመታ በኋላ የሚሮጥበትንም አስብ። 40 ሜትር ላይ ቆሞ ሁለት እርምጃ ከሄደ ጫካ የሚገባ ጎሽ፣ 70 ሜትር ላይ ሜዳ ላይ ካለው የከፋ ነው። ሜዳ ላይ ያለውን ሁለተኛና ሶስተኛ ታክልበታለህ። እና አንዴ ከመታኸው በኋላ የርቀት ሕጉ ይላላል፤ የቆሰለ አውሬ እስከታየህ ድረስ፣ ከኋላው ሰው እስከሌለ ድረስ፣ 120 ሜትር ላይም ቢሆን ተኩስ። ጥብቁ ሕግ ለመጀመሪያዋ ጥይት ነው።

ጫካ ውስጥ ከገባ ግን አትሩጥ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ጎሽ ሲሞት የሚያሰማው ረጅም የማቃሰት ድምፅ አለ፤ ከሰማኸው ጥሩ ነው፣ ካልሰማኸው ግን ምንም ማለት አይደለም። ደሙ ሮዝና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው። ከዚህ በኋላ ርቀቱን የምትመርጠው አንተ አይደለህም፤ መሪ አዳኙ ከኋላዬ ሁን ካለህ ከኋላው ነህ፣ አፈሙዝህም ከሱ ጀርባ ውጪ።

ወድቆ ብታገኘውም ከፊቱ አትምጣ። ከኋላው በኩል ቅረብ፣ አስር ሜትር ላይ ቁም፣ አንድ ጥይት ጨምር። ከዚያ ረጅም እንጨት ፈልግና የዓይኑን ብሌን ንካ። ጣትህ ቃታው አጠገብ ይሁን።