ሳይቀረጽ የቀረን የሳይንስ ልቦለድ ክፍል ወደ ድምፅ ድራማ ስለ መመለስ

ጎንደር ውስጥ ለቴሌቪዥን ተጽፎ፣ ስፖንሰሩ ቃሉን በማጠፉ ወይም ገንዘቡ አልበቃ በማለቱ መሳቢያ ውስጥ የቀረ የሳይንስ ልቦለድ ክፍል በእጅዎ ካለ፣ አስቀድመው ሊወስኑት የሚገባው ጽሑፉ በምን መልክ እንደሚወጣ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዳግላስ አዳምስ ለቢቢሲው የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ «ዶክተር ሁ» የጻፈው ባለ ስድስት ክፍል «ሻዳ» እ.ኤ.አ. በ1979 በሥራ ማቆም አድማ ሲቋረጥ፣ የካምብሪጅ የውጭ ትዕይንቶቹና ከሦስቱ የስቱዲዮ ቀረጻዎች የመጀመሪያው ተጠናቀው ስለነበር፣ በ1992 ዋናው ተዋናይ ቶም ቤከር የጎደለውን እየተረከ በቪዲዮ ሊወጣ ችሏል። በ2003 በሌላ ተዋናይ የድምፅ ድራማ፣ በ2012 ልቦለድ ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ያልተቀረጸው ክፍል በአኒሜሽን ተሞላ። በአንጻሩ ግራሃም ዊልያምስ ለዚሁ ተከታታይ ድራማ የጻፈው «ዘ ናይትሜር ፌር» አንድም ትዕይንት ሳይቀረጽለት በ1985 ስለ ተሰረዘ፣ የቀረው ጽሑፉ ብቻ ነበር፤ በ1989 መጽሐፍ፣ በ2009 የድምፅ ድራማ ሆኖ ወጣ። የእርስዎም ክፍል ምስል ከሌለው እንዳለው አድርገው አይድከሙ፤ በአነስተኛ ወጪ የሚሠራው የድምፅ ድራማ ነው።

ጽሑፉን ከሌላ ሰው ጋር ጽፈውት ወይም ለአሠሪ ሸጠውት ከሆነ ስምምነቱን በጽሑፍ ይያዙ፤ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የመብቱ ባለቤት ነው።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ካሜራ ብቻ የሚናገረውን ሁሉ ያስምሩበት። በእኔ ጽሑፍ ላይ በጣም የቀላው ገጽ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር የሚፈጸመው ትዕይንት ነበር፤ «ካሜራው ወደ መላእክቱ ፊት ይነሣል፤ የአንዱ ዓይን ይንቀሳቀሳል» ይላል። ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ሲያሻሽል ገጸ ባሕርዩን «ተመልከት፣ ዓይኑ ተንቀሳቀሰ!» ያሰኘዋል፤ ሰው ግን ሲደነግጥ ያየውን እንዲህ አያብራራም፣ አድማጩም አያምነውም። እኔ ሥዕሉን ወደ ቁጥር ለወጥኩት። አንድ የቆሎ ተማሪ በየቀኑ ፊቶቹን ይቆጥራል፤ አድማጩ ልጁ በሹክሹክታ ሲቆጥር ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ ይቆማል።

«የኔታ፣ አንድ ጨምሯል።»

«ምኑ ነው የጨመረው፣ ልጄ?»

«ፊቱ።»

ከዚህ በኋላ አራት ሰከንድ ያህል ዝምታ ይተዉ፤ ከማንኛውም የመሣሪያ ድምፅ ይልቅ ያ ዝምታ ያስፈራል። በነገራችን ላይ፣ የሌላ ዓለም ፍጡር በመጣ ቁጥር የኮምፒውተር ጩኸት መጨመር የዘውጉ ክፉ ልማድ ነው።

ለርዝመቱ አንድ ገጽ በአማካይ አንድ ደቂቃ ይወስዳል ብለው ያስሉ፤ ሩጫና ማሳደድ ያለባቸውን ገጾች ግን ሳይሳሱ ይቁረጡ፣ በድምፅ ብቻ ሲሆኑ የእግር ኮቴና ማለክለክ ብቻ ናቸውና። ቀረጻው ከፒያሳ የባጃጅ ጡሩምባ ርቆ፣ ሌሊት፣ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ቢሆን ይመረጣል፤ የፋሲል ግቢን የድንጋይ ደረጃ የሚመስል የእግር ኮቴ ከፈለጉ ግን ከስልክ አይፈልጉ፣ በድንጋይ ደረጃ ላይ በጫማ ወጥተው ራስዎ ይቅረጹ።

የመጀመሪያውን ትዕይንት እንደ ጨረሱ ጽሑፉን ያላነበበ ሰው መብራት አጥፍቶ እንዲያዳምጠው ያድርጉና የስንት ሰው ድምፅ እንደ ሰማ ይጠይቁት። እኔ ያሰማኋት አክስቴ ሁለቱ ዲያቆናት አንድ ሰው መስለዋት ስለነበር፣ ታናሹን ዲያቆን አውጥቼ ሳል የማይለየውን ሽማግሌ ዘበኛ በቦታው አስገባሁ።