በግድብ አጠገብ የሚገኝ የዓለት ተዳፋት ሲንቀሳቀስ፦ ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሄ

የሚከተለው የግድብ ትከሻን፣ የመዳረሻ መንገድን፣ ከማመንጫ ጣቢያ ጀርባ ያለ ቁርጥን (ለግንባታ ሲባል የተቆረጠ ተዳፋትን) እንዲሁም የሐይቅ ዳርን የሚመለከት ነው። የስንጥቆች አቅጣጫ መለካቱና የመረጋጋት ስሌት መሠራቱ እንደ ተጠናቀቀ ተወስዷል። ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ግድብ ሲሠራ ተዳፋቱ የሥራው አንድ ክፍል መሆኑን በተከዜ አይተናል፤ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የደረሰው ናዳ ግንበኞቹን በዕቅድ ያልነበሩ ግዙፍ የድጋፍ ግንቦች አሠርቷቸዋል።

ምልክት፦ ነጠላ ድንጋዮች ይወድቃሉ

አብዛኛውን ጊዜ በቁፋሮ ወቅት ያለ ልክ የተጠመደ ፈንጂ ያላላው ገጽ ነው። የላላውን ከላይ ወደ ታች ማርገፍ፣ ትልልቆቹን በብሎን ማሰርና መረብ መዘርጋት ይበቃል።

ምልክት፦ የመልህቅ ውጥረት ይለወጣል

መልህቅ ዓለቱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚይዝ፣ በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ነው። ውጥረቱ ከቀነሰ ሲሚንቶው አልያዘም ወይም ብረቱ ዝጓል፤ ከጨመረ ግን ተዳፋቱ እየገፋ ነውና ወደሚቀጥለው ክፍል ይታለፍ።

ምልክት፦ ሾትክሪቱ ያብጣል፣ አግድም ይሰነጠቃል፣ ያልባል

ሾትክሪት በግፊት ተረጭቶ ተዳፋቱን የሚያለብስ ኮንክሪት ነው። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ክረምቱ ሲጠና፣ በተለይ በነሐሴ፣ የልባሱ የታችኛው ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል፤ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከስንጥቁ ጠርዝ ላይም ነጭ የኖራ ቅርፊት ይጋገራል።

ምክንያቱ ከልባሱ ጀርባ የታሰረ ውኃ ነው። በስንጥቅ ውስጥ 10 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ውኃ ከሥሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ያህል ግፊት ያሳድራል። ይህ ግፊት የስንጥቁን ሁለት ገጾች ስለሚያለያይ ዓለቱን በቦታው የያዘው ሰበቃ ይቀንሳል፤ ተዳፋቱ በበጋ ጸንቶ ቆይቶ በክረምት የሚንቀሳቀሰውም ስለዚህ ነው።

ከአንድ ግድብ የመዳረሻ መንገድ በላይ የነበረ ቁርጥ አብጦ ስንደርስ፣ ተቋራጩ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖ ሁለተኛ ሾትክሪት ደርቦበት ነበር። በሥዕሉ መሠረት የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ግድግዳው ላይም የፒቪሲ ቱቦ ጫፎች ይታያሉ። አንዱን ስንስበው ግን በእጅ ተመዝዞ ወጣ፤ ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም፣ ዓለቱን ሳይነካ ልባሱ ውስጥ ቀርቷል፣ የውስጥ አፉም በተረጨው ሾትክሪት ተደፍኗል። አዲስ ቀዳዳ ስንቆፍር መሰርሰሪያው ልባሱን አልፎ ስንጥቁን እንዳገኘ መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ፣ ቀጥሎም ጥርት ያለ ውኃ እየተወረወረ ወጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ፈሶም በማግስቱ የፒዞሜትሩ (በዓለቱ ውስጥ ያለውን የውኃ ግፊት የሚለካው መሣሪያ) ንባብ መውረድ ጀመረ። በሌላ ቦታ ደግሞ ቱቦዎቹ በጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ ደለል በሚያስቀር ጨርቅ) ፈንታ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልለው በአንድ ክረምት በደለል ተሞልተው አግኝተናል። ከሥሩ ሠራተኛና መንገደኛ እንደሚያልፍ እያወቁ እንዲህ መሥራት ለሰው ሕይወት ዋጋ አለመስጠት ነው።

መፍትሄው ውኃውን ማስወጣት ነው። ቀዳዳዎቹ ከአግድም ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ላይ አዘንብለው ይቆፈሩ፤ ርዝመታቸው የመንሸራተቻውን ገጽ አልፎ መሄድ አለበት፤ የተበሳው ቱቦ የጂኦቴክስታይል ሽፋን ይልበስ። ሾትክሪት ከመረጨቱ በፊት አፎቹ ይከደኑ፣ እንደተረጨም ይከፈቱ። ከተዳፋቱ አናት በስተጀርባ ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር፤ ቦዩ ካልተለበሰ ግን ውኃውን ወደ ስንጥቁ ስለሚያሰርግ ባይኖር ይሻላል። ያበጠ ልባስ ላይ አይደረብ። ውኃው ሳይወጣ ብሎን አይጨመር። ሲቆፈር ማንም ሰው በቀዳዳው ትይዩ አይቁም።

የእያንዳንዱ ቀዳዳ ፍሰት በባልዲና በሰዓት ተለክቶ ይመዝገብ። ፒዞሜትሩ እየጨመረ ቀዳዳው ከደረቀ በኖራ፣ በደለል ወይም በሥር ተዘግቷልና በግፊት ውኃ ይታጠብ፤ ካልተከፈተም አጠገቡ አዲስ ይቆፈር። ተዳፋቱ ግዙፍ ሲሆን ቀዳዳ ብቻ አይበቃም፤ በኒው ዚላንድ የክላይድ ግድብ ሐይቅ ከመሞላቱ በፊት በክሮምዌል ሸለቆ ያሉትን ናዳዎች ለማረጋጋት ከ10 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የውኃ ማስወገጃ ዋሻ ተቆፍሯል።

ምልክት፦ ሐይቁ ሲጎድል የዳሩ ተዳፋት ይፈጥናል

ሐይቁ ቶሎ ሲወርድ ዓለቱ ውስጥ የገባው ውኃ እኩል አይወርድም፤ ከውጭ ይደግፍ የነበረው ግፊት ሲነሳ የውስጡ ይቀራል። በጣሊያን ቫዮንት የሐይቁን ከፍታ በማውጣትና በማውረድ የቶክ ተራራን እንቅስቃሴ መቆጣጠር ይቻላል ተብሎ ታምኖ ነበር። በ1963 (እ.ኤ.አ.) መጸው ውኃው እየወረደ ሳለ ፍጥነቱ ጨምሮ በቀን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደረሰ፤ በጥቅምት 9 ቀን (እ.ኤ.አ.) ሌሊት 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ዓለት ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ ግድቡ ሳይፈርስ ማዕበሉ በላዩ አልፎ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ።

ስለዚህ ውኃው የሚወርድበት ፍጥነት በተርባይኖቹ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በተዳፋቱ ፒዞሜትሮች ንባብ ይወሰን። እንቅስቃሴው በየዕለቱ ይለካ፤ አንድ ለፍጥነቱ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር በቀናት ላይ ሲነደፍ መስመሩ ወደ ዜሮ ካዘቀዘቀ፣ ዜሮን የሚነካበት ግምታዊ ቀን ሳይጠበቅ ከግድቡ በታችና በሐይቁ ዳር ያለው ሕዝብ ይነሳ። የማስነሳት ሥልጣኑም፣ ኃላፊ እስኪፈርም ጊዜ እንዳያልፍ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ ለተረኛው መሐንዲስ ይሰጥ።