አማርኛ የይለፍ ሐረግ የሚያወጣ ስክሪፕት፦ ችግርና መፍትሄ

የይለፍ ሐረግ ማለት ከቃል ዝርዝር በዕጣ የወጡ፣ እንደ ፓስወርድ የሚያገለግሉ ጥቂት ቃላት ናቸው።

ምልክት፦ ትናንት ፋይሉን የከፈተው ሐረግ ዛሬ «የተሳሳተ» ይባላል።

ስክሪፕቱን አትነካኩት፤ ጥፋቱ የቃል ዝርዝሩ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እና ጸሀይ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት። ሰው የሚይዘው ድምፁን ነው። ስክሪፕቱ «ኃይል» ብሎ ያወጣውን ባለቤቱ ለወንድሙ በስልክ ይነግረዋል፤ ወንድምየው «ሀይል» ብሎ ይጽፋል፤ ፋይሉ አልከፈት ይላል። አንዳንዴም የስልኩ ኪቦርድ ራሱ ሠን በሰ ይተካል፤ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ብቻ ስለሚታይ ማንም ልብ አይለውም።

ቀድሞ ለተቆለፈ ፋይል ተስፋ አለ። የሐረጉ ስድስት ቃላት እያንዳንዳቸው አራት አጻጻፍ ቢኖራቸው 4096 ሙከራ ነው፤ አጭር ሉፕ (ሁሉንም ተራ በተራ የሚሞክር ኮድ) ይጨርሰዋል። ኦንላይን አካውንት ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ ከጥቂት ስህተት በኋላ ይቆልፋል።

ለወደፊቱስ? ብዙዎች ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ይለውጡና ጨረስን ይላሉ። አልጨረሱም፤ ዝርዝሩ ቢስተካከልም የጣት ልማድ አይስተካከልም። የሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ኸ፣ ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ ዘሮች ያሉበትን ቃል ሁሉ፣ ከነሰባቱ ድምፅ፣ በግሬፕ (የተሰጠው ፊደል ያለበትን መስመር በሚፈልግ ትእዛዝ) አውጥታችሁ ጣሉ። ጎና ጐ፣ ኮና ኰ፣ ቆና ቈም አብረው ይውጡ፤ ጎንደርን እንኳ በሁለት ዓይነት የምንጽፍ ሰዎች ነን። የተረባ ግስ አታስገቡ፤ «በልቷል» እና «በልቶአል» ያጣላሉ።

ግሬፑ ባዶ ፋይል ከሰጣችሁ ሎኬሉ (የሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር) ሲ ሆኖ ነው። በሲ ሎኬል፣ ለግሬፕ በቅንፍ የሰጣችሁት ፊደል በባይት ይበጣጠሳል፤ የፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ስለሆነ መስመሩ ሁሉ ይገጥምና ይጣላል። ግሬፕን በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ሳይበጣጥስ በሚያነብ ሎኬል)፣ ድግግሞሽ የሚያጠፋውን የሶርት ትእዛዝ በሲ አሂዱ።

የቀረውን ቁጠሩ። 4096 ቃል ካለ እያንዳንዱ 12 ቢት (ለመገመት ያለው አስቸጋሪነት መለኪያ) ነው፤ ስድስት ቃል 72 ቢት ይሰጣል። 2048 ብቻ ከቀረ ሰባት ቃል አውጡ። አራት ቃል ይበቃኛል የሚል ካለ አይበቃውም።

ምልክት፦ የመጨረሻውን ቃል ጫፍ አበላሽቶ የጻፈም ይገባል።

ሰርቨሩ ቢክሪፕት የተባለ የይለፍ ቃል ማከማቻ ዘዴ ይጠቀማል፤ ብዙዎቹ ቢክሪፕቶች ከ72 ባይት በኋላ ያለውን ዝም ብለው ይቆርጣሉ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። ባለአራት ፊደል ስድስት ቃላት ከአምስት ክፍተት ጋር 77 ባይት ይሆናሉ፤ የስድስተኛው ቃል ጅራት ከንቱ ነው። ቃላቱን እስከ ሦስት ፊደል ገድቡ፤ ስድስት ቃል ቢበዛ 59 ባይት ይሆናል።

ምልክት፦ ከዝርዝሩ መጨረሻ ያሉ ቃላት ጭራሽ አይወጡም።

የባሽ ራንደም (ስክሪፕቱ የሚያወጣው የዕጣ ቁጥር) ከ32767 አያልፍም፤ ዝርዝሩ ከዚያ ከረዘመ ጅራቱ አይደረስበትም፤ ለምስጢርም አልተሠራም። ሹፍን (በዕጣ የሚመርጥ ትእዛዝ) ምንጩ ዴቭ ዩራንደም (የሲስተሙ የዕጣ ምንጭ) እንዲሆን አዝዛችሁ ተጠቀሙ። ፓይተን ከሆነ ሲክሬትስ እንጂ ራንደም ሞጁል አይደለም፤ ይህን አሁንም ኮፒ የሚያደርግ ሰው መኖሩ ይገርማል።

ምልክት፦ በእጅ ሲጻፍ ይሠራል፣ ከፋይል ሲነበብ እምቢ ይላል።

ሐረጉን ወደ ፋይሉ የጻፈው የኤኮ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ አዲስ መስመር ጨምሯል። በፕሪንትኤፍ ጻፉት። ዝርዝሩ ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነ የመስመር መጨረሻውን በዶስ ቱ ዩኒክስ አጽዱት።

ምልክት፦ ዲስኩ የተቆለፈ ኮምፒውተር ሲነሳ አማርኛ መጻፍ አይቻልም።

ሲስተሙ ሳይነሳ የአማርኛ ኪቦርድ የለም። ለዲስክ ሐረግ በላቲን የተጻፈ ዝርዝር ተጠቀሙ፤ ዲስኩን ከመቆለፋችሁ በፊት።