ቬኒስን በሰኔ መግቢያ እንዴት እንደሚጎበኙ

አብዛኛው ጎብኚ ቬኒስ የሚደርሰው ረፋዱ ላይ ነው። ከባቡር ይወርዳል፣ ከሰው ጎርፍ ጋር እየተገፋ ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ይሄዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ውድ ምሳ ይበላል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። አገሩ ሲገባ «ሰው በሰው ናት፤ ኪስ ታራቁታለች» ብሎ ያወራል። አልዋሸም፤ እሱ ባየበት ሰዓት እንደዚያ ናት። ያው አደባባይ ግን ሲነጋጋ እርግቦችና ጠራጊዎች ብቻ የሚታዩበት፣ የእግር ኮቴ የሚያስተጋባበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ከተማዋ ውስጥ ይደሩ፤ ማለዳውንና ማታውን ለእሷ ይስጡ፤ እኩለ ቀኑን ለእንቅልፍ ይተዉት።

ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ ናቸው። የጀልባና የባቡር ሰሌዳ ሲያነቡ ለቀኑ ሰዓት 6፣ ለማታው 18 ይደምሩ። በእነሱ በጋ፣ ሰኔን ጨምሮ፣ ቬኒስ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

1. ቀኑን ይምረጡ

ከግንቦት ማብቂያ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ሙቀቱ ገና አላስጨነቀም፤ ከተማዋን የሚያጥለቀልቀው ማዕበል በአብዛኛው የመኸርና የክረምታቸው ነገር ስለሆነ አያሰጋም። ቀኑም ረጅም ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትወጣለች፣ የምትጠልቀው ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድና ዶፍ ሊመጣ ይችላል፤ ትንኝም አለ፤ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት አይርሱ።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. ጁን 2 የጣሊያን ሪፐብሊክ በዓል ስለሆነ የአገሬው ሰው ራሱ ይጎርፋል። ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ከተማዋ በተመረጡ ቀናት፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ትጠይቃለች። በ2025 አስቀድሞ ለከፈለ 5 ዩሮ፣ ዘግይቶ ለከፈለ 10 ዩሮ ነበር፤ የሚሠራውም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ነበር። ከተማዋ ውስጥ የሚያድር ሰው ከዚህ ነፃ ነው፤ ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን ኪውአር ኮድ ግን ከከተማዋ ድረ ገጽ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የዓመቱ ቀናት ስለሚለዋወጡ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እዚያው ይመልከቱ።

2. ቪዛውን በጊዜ ይጀምሩ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ጣሊያንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀረው ግን አይሆንም። ለሰኔ የሚጓዝ ሰው በየካቲት ቢጀምር እመክራለሁ፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሚያመለክተው በሚኖርበት አገር ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም፤ በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ይገባል።

3. አልጋ ይያዙ፤ ግን የት?

ብዙዎች ዋጋ ለመቀነስ ሜስትሬ ያድራሉ። ሜስትሬ የብስ ላይ ያለች፣ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ የምትገኝ ዘመናዊ ከተማ ናት። ዋጋው እውነትም ይቀንሳል፤ ነገር ግን የቬኒስን ማለዳና ማታ ይሸጡታል። ሦስት ሌሊት ሜስትሬ ከማደር ሁለት ሌሊት ቬኒስ ውስጥ ማደር ይሻላል።

ቬኒስ ከ100 በላይ በሆኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች ናት፤ ከ400 በላይ በሆኑ ድልድዮች ትያያዛለች፤ በ6 ሰፈሮች ትከፈላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ካናሬጆ ይስማማዋል፤ ለባቡር ጣቢያው ይቀርባል፣ ነዋሪው ገና አልለቀቀውም፣ ሱቁም የነዋሪው ሱቅ ነው። ካስቴሎ የሚባለውም በምሥራቅ በኩል ጸጥ ያለ ነው።

አድራሻው ያደናግራል። የቤት ቁጥር የሚሰጠው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ስለሆነ «ካናሬጆ 3 ሺህ ምናምን» ቢባሉ የት እንደሆነ አይገባዎትም። እኛ ቤት ስናመላክት እንደምናደርገው ያድርጉ፤ አከራዩን «በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው? የትኛው የጀልባ ማቆሚያ ይቀርባል?» ብለው ይጠይቁ።

ሻንጣዎ ትንሽ ይሁን። መኪና የለም፤ ድልድዩ ሁሉ ደረጃ አለው። ትልቅ ሻንጣ ይዞ አምስት ድልድይ የተሻገረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አያምረውም።

4. መግባት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሚላኖና ወደ ሮም ይበራል። ከሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሮም አራት ሰዓት ገደማ ነው። የመጨረሻው ጣቢያ «ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ» ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው «ቬኔዚያ ሜስትሬ» ስሙ አሳስቶዎት እንዳይወርዱ። ከሳንታ ሉቺያ በር ሲወጡ ታላቁ ቦይ ፊት ለፊትዎ ነው፤ አውቶብሱም ታክሲውም ጀልባ ነው።

5. ጀልባውን ይልመዱ

የውሃ አውቶብሱ ቫፖሬቶ ይባላል። ለ75 ደቂቃ የሚያገለግለው ትኬት 9 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ስለሆነ ከሁለት ጊዜ በላይ የሚሳፈር ሰው የቀን ትኬት ቢገዛ ይሻለዋል፤ የ24 ሰዓቱ 25፣ የ48ቱ 35፣ የ72ቱ 45 ዩሮ ነው። በተሳፈሩ ቁጥር ትኬቱን ማሽኑ ላይ ማስነካት ግዴታ ነው፤ የረሳ ይቀጣል።

ቁጥር 1 ታላቁን ቦይ ከዳር እስከ ዳር፣ በየማቆሚያው እየቆመ ይሄዳል። ቦዩ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ግራና ቀኙ የነጋዴ መሳፍንት ቤት ነው። ቀን አይሳፈሩበት። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ከጣቢያው ይነሡ፤ ውሃው ወርቅ እየመሰለ የሪያልቶ ድልድይ ሥር ሲያልፉ የመጡበት ይገባዎታል። ድልድዩ በ1591 ያለቀ ነው።

ጎንዶላ በተመን ለቀኑ 30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው፤ ዋጋው የጀልባው እንጂ የሰው አይደለም፣ እስከ 5 ሰው ይጫናል። አቅም ከሌለ ትራጌቶ አለ፤ ታላቁን ቦይ ብቻ የሚያሻግር የሕዝብ ጎንዶላ ነው፤ ዋጋው 2 ዩሮ ገደማ።

6. ጎሕ ሲቀድ ወደ ቅዱስ ማርቆስ

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሡና በእግር ይሂዱ። አደባባዩን እንደ ልብዎ ካዩ በኋላ ቁርስ ይብሉ፤ ከዚያ ባሲሊካው፣ ማለትም አደባባዩ ላይ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ ሲከፈት መጀመሪያ ከሚገቡት ይሁኑ። ትኬቱን በኢንተርኔት ቀድመው ይግዙ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ነጠላ የያዘች እናት እዚህ አትቸገርም። ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም።

ለእኛ ይህ ቤት ተራ የቱሪስት ቦታ አይደለም። ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 የወንጌላዊው ማርቆስን አፅም ከእስክንድርያ ሰርቀው እንዳመጡት፣ የሙስሊም ፈታሾች እንዳይነኩት በአሳማ ሥጋ ሸፍነው እንዳወጡት ይተረካል። የእኛ ጳጳሳት ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለ1,600 ዓመት ገደማ የተሾሙት በዚያው በመንበረ ማርቆስ ነው። በ1968 የሮም ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ የአፅሙን ከፊል ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን መለሱ፤ በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። ከመግባትዎ በፊት ከፊት ለፊቱ በሮች በስተግራ ዳር ያለውን ቀና ብለው ይዩ፤ አፅሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ በሞዛይክ፣ በጥቃቅን ባለ ቀለም ጠጠሮች፣ ተሥሏል። ውስጥ ወደ 8,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ የወርቅ ሞዛይክ አለ። አይቸኩሉ፤ አንድ ጥግ ቆመው ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቁ።

7. ካርታውን ሳያዩ እንዳይመለሱ

ከአደባባዩ በባሲሊካው ትይዩ የኮሬር ሙዚየም አለ። በትኬቱ የማርቺያና ቤተ መጻሕፍትን ታሪካዊ ክፍሎች ማየት ይቻላል፤ የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ የሚገኘው በዚህ ቤተ መጻሕፍት ነው። ክፍሉ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን ትኬት ሳይገዙ ይጠይቁ።

ፍራ ማውሮ በ1450 አካባቢ ይህን ካርታ የሠራ የቬኒስ መነኩሴ ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ደቡብ ወደ ላይ ስለሆነ አፍሪካ ከላይ ናት፤ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። መነኩሴው ካርታው ላይ እንደጻፈው፣ የሐበሻን አገር ወንዝና ተራራ፣ ክፍለ አገርና ከተማ የነገሩት እዚያው የተወለዱ መነኮሳት ናቸው፤ በገዛ እጃቸውም ሥለው አሳይተውታል። አባይን፣ ተከዜን፣ አዋሽን በዚያ ዘመን በጣሊያንኛ ፊደል ተጽፈው ማየት ሰውነትን ይነዝራል። እነዚያ አባቶች ምናልባት በዚህ ከተማ በእግራቸው ሄደው ይሆናል። ከእነሱም በፊት በ1402፣ ግማደ መስቀሉን አስመጣ የምንለው የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው እዚህ ደርሰዋል።

8. ይጥፉ

ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ይክተቱና ሁለት ሰዓት ዝም ብለው ይሂዱ። ደሴት ስለሆነ ርቀው አይጠፉም፤ በየግድግዳው «ሪያልቶ» እና «ሳን ማርኮ» የሚል ቢጫ ምልክት አለ። በቀኝ ይሂዱ፤ ድልድይ መሐል ቆመው መንገድ አይዝጉ፤ ነዋሪው ሥራ ይሄዳል።

አደባባዮቹ ካምፖ ይባላሉ፤ ሜዳ ማለት ነው፣ ድሮ ሣር ነበራቸው። መሐላቸው ላይ የተጠረበ የድንጋይ ጉድጓድ አፍ ያያሉ። ከተማዋን የከበበው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ፣ ላጉናው፣ ጨው ስለሆነ ከተማዋ ለዘመናት የኖረችው የዝናብ ውሃን ከካምፖው ሥር በአሸዋ እያጣራች ነው፤ የቧንቧ ውሃ ከየብስ የመጣው በ1884 ነው። ዛሬ የመንገድ ቧንቧዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ጠርሙስ ይዘው ይቅዱ።

ካናሬጆ ውስጥ የአይሁድ ሰፈሩን ይፈልጉ። የቬኒስ ሪፐብሊክ በ1516 አይሁዶችን በዚያ አጥሮ አስቀመጠ፤ «ጌቶ» የሚለው ቃል ለዓለም የወጣው ከዚህ ነው። ቦታ ስለጠበበ ወደ ላይ እየገነቡ ሄዱ፤ ጣሪያቸው ዝቅ ዝቅ ያሉ ረጃጅም ቤቶቹ ዛሬም አሉ።

9. ምግብና ቋንቋ

ቡና ቆመው ይጠጡ፤ ከተቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ እዚህም ማኪያቶ ነው። በእርግጥ ሳያውቁት ብዙ ጣሊያንኛ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ መጸዳጃ ሲፈልጉ «ባኞ» ይበሉ፣ ቦርሳዎ ቢጠፋ «ቦርሳ» ይበሉ፣ ይሰማሉ።

ምሳ ለመብላት ባካሮ የሚባሉትን ትንንሽ ቤቶች ይምረጡ፤ ዳቦ ላይ ዓሣ ወይም አትክልት አድርገው በፍሬ ይሸጣሉ። በሆምጣጤና በሽንኩርት የታሸ ሰርዲን የከተማዋ የራሷ ነው። ሬስቶራንት ከገቡ የዓሣ ዋጋ ላይ «ኤቶ» የሚል ቃል ካለ ልብ ይበሉ፤ 100 ግራም ማለት ነው። 9 ዩሮ ያሉት ዓሣ 50 ዩሮ የሚመጣው በዚህ ነው።

የሰኔ ጾም ከገባ አይቸገሩም። ፓስታ በቲማቲም አዘው «ሴንዛ ፎርማጆ፣ ሴንዛ ቡሮ» ይበሉ፤ ያለ አይብ፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ሪያልቶ ገበያ ጠዋት አትክልትና ፍራፍሬው ብዙ ነው።

10. አንድ ቀን ለላጉናው

ፎንዳሜንቴ ኖቬ ከሚባለው ማቆሚያ ቁጥር 12 ጀልባ ወደ ሙራኖና ቡራኖ ይወስዳል። ሙራኖ የመስታወት ሠሪዎች ደሴት ናት፤ እቶናቸው ከተማዋን እንዳያቃጥል በ1291 ወደዚያ ተወሰዱ። ቡራኖ ቤቶቿ ባለ ቀለም ናቸው፣ ከሰዓት ላይ ትጨናነቃለች። ጊዜ ካጠረዎት ሁለቱንም ይዝለሉና ቶርቼሎ ይሂዱ፤ ሰው ጥቂት ነው፣ በጥንታዊው ካቴድራል የምዕራብ ግድግዳ ላይ የዕለተ ደይን ሞዛይክ አለ። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ያነበዋል።

ሲመለሱ ደግሞ ከዚያው ከፎንዳሜንቴ ኖቬ በቁጥር 4.1 ጀልባ አንድ ማቆሚያ ብቻ ተጉዘው ሳን ሚኬሌ ይውረዱ። ዛሬ የከተማዋ መቃብር ነው። ፍራ ማውሮ የኖረበት ገዳም በዚህ ደሴት ላይ ነበር። በጥድ ዛፎቹ መካከል ጥቂት ይቀመጡ፤ ለማውራት ሳይቸኩሉ ቀጣዩን ጀልባ ይጠብቁ።