የተፈጨ ሥጋና አትክልት ሾርባ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁትን የተፈጨ ሥጋ ሾርባ መቼም አልረሳውም። ሥጋው፣ ካሮቱ፣ ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ ውሃው፣ ሁሉም ባንዴ ድስት ውስጥ ገባ። «ሾርባ አይደል እንዴ!» ብዬ ክዳኑን ገጥሜ ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስከፍተው ሥጋው ግራጫ ድብልብል ሆኗል። ጎመኑ ሟሙቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ድንቹ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ገና ከጥርስ ጋር ይታገላል። ከላይ ቅባት ተንሳፏል። በላነው፤ ምን ይደረጋል።

ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ያን ቀን በአንድ ድስት ሠርቻቸዋለሁ። የቀሩትን በሌላ ጊዜ አሟላኋቸው።

ሥጋውን ሳይጠብሱ ውሃ መጨመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ አስተካክላችሁ ይህን ብትስቱ ሾርባው ውሃ ውሃ ማለቱ አይቀርም። ያ ደስ የሚለው የጥብስ ሽታና ጣዕም የሚመጣው ሥጋው ቡናማ ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ክፍት ድስት ላይ የሚፈላ ውሃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ ሥጋው በውሃ እስከተከበበ ድረስ ቢውል ቢያድር ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

«እኔ እኮ ሁሌም ጠብሼ ነው የምሠራው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ድስቱ ጠባብ ከነበረ ግን ጠበሳችሁት ማለት አይደለም። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ትንሽ ድስት ውስጥ ሲከመር ከራሱ በሚወጣው ውሃ ይቀቀላል። ሰፊና ወፍራም ድስት ያዙ። በደንብ ይጋል። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉና ሥጋውን ዘርግታችሁ 3 ወይም 4 ደቂቃ አትንኩት። እጃችሁን ይበላችኋል፣ አውቃለሁ። ማማሰያውን አስቀምጡት። ድስቱ ካልበቃ ለሁለት ከፍላችሁ በየተራ ጥበሱት።

እዚህ ላይ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይጠቅማል። መጀመሪያ ድስቱ «ቡልቅ ቡልቅ» ይላል፤ ያ ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጥና «ቸስስ» ማለት ይጀምራል። ጥብሱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሥሩ ቡናማ ሲሆን ገልብጡትና በማማሰያው ፈረካክሱት። ግን እንደ አሸዋ አታድቅቁት። የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ ቁርጥራጮች ቢቀሩ ይሻላል፤ ሾርባው የሚታኘክ ነገር ይኖረዋል። ከዚያ ሥጋውን ሳህን ላይ አውጡት፤ ውሃው ሲገባ አብሮ ይመለሳል።

በነገራችን ላይ የተፈጨ ሥጋ አይታጠብም። ማጠቡ ጀርሙን ሲንኩ ዙሪያ ይረጨዋል እንጂ አያጠፋውም። በዚያ ላይ የረጠበ ሥጋ ቶሎ ቡናማ አይሆንም።

የድስቱን ሥር አጥቦ መጣል

ሥጋው ሲወጣ ሥሩ ላይ የተጣበቀ ቡናማ ነገር ይቀራል። ብዙ ሰው «አረረ» ብሎ ያጥበዋል። የታጠበው እኮ የሾርባው ጣዕም ነው! ቀይ ሽንኩርቱን እዚያው ላይ ጨምሩት፤ የሚያወጣው ውሃ ማላቀቅ ይጀምራል። የቀረውን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ በእንጨት ማማሰያ ፋቁት። ጥቁር ሆኖ ከመረረ ግን ተስፋ የለውም፣ ድስት ቀይሩ።

ቅባቱን እንዳለ መተው

ምንም ስብ የሌለው ሥጋ ሾርባ ውስጥ ይደርቃል። በጣም የሰባው ደግሞ ሾርባውን በዘይት ይሸፍነዋል። ከ100 ግራም ውስጥ ከ15 እስከ 20 ግራም ስብ ያለው ይስማማኛል። ከጠበሳችሁ በኋላ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅባት ለሽንኩርቱ አስቀሩና ሌላውን በማንኪያ ቅዱት። ሲንክ ውስጥ ግን አትድፉት፤ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ቱቦውን ይደፍነዋል። ሾርባው ከተሠራ በኋላ ቅባት እንደበዛበት ካያችሁም ችግር የለም። ፍሪጅ አሳድሩት፤ ጠዋት ላይ ቅባቱ ከላይ ረግቶ በማንኪያ ይነሳል።

ነጭ ሽንኩርቱን ማስቀደም

ቀይ ሽንኩርት እስኪለሰልስ 7 ወይም 8 ደቂቃ ይፈልጋል። የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ያን ያህል ከቆየ አሮ ይመራል። ለእሱ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። ወዲያው የቲማቲም ድልሁን አስከትሉና ቀለሙ ጠቆር እስኪል አንድ ሁለት ደቂቃ አቁላሉት። ጥሬ ጥሬ የሚለው ይጠፋል።

ቲማቲሙን ከድንቹ ማስቀደም

ወደዚያ አልበስል ወዳለው ድንች እንመለስ። አንድ ሰዓት የተቀቀለ ድንች እንዴት እንዲያ ይጠነክራል? ለረጅም ጊዜ ድንቹን ስወቅስ ነበር። ጥፋቱ የቲማቲሙ ነው።

አትክልት የሚለሰልሰው ሴሎቹን እንደ ሙጫ አያይዞ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር በሙቀት ሲሟሟ ነው። ውሃው አሲድ ካለበት ፔክቲኑ ቶሎ አይሟሟም። ቲማቲም አሲድ አለው። ሎሚም፣ አቼቶም እንዲሁ። ለዚህ ነው ድንች፣ ካሮት ወይም ቦሎቄ ብዙ ቲማቲም ውስጥ ሲገባ የሚያስቸግረው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ድንቹ ሹካ ሲያስገባ ነው የተከተፈው ቲማቲም የሚጨመረው። አንድ ሁለት ማንኪያ ድልህ ብቻ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም።

አትክልቱን ሁሉ ባንዴ መክተት

ካሮትና ቆስጣ አብረው ድስት ከገቡ ካሮቱ ሲደርስ ቆስጣው አልቆለታል። መጀመሪያ ካሮት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ድንች። ከሌላ 5 ደቂቃ በኋላ ፎሶሊያና ጥቅል ጎመን፣ እነሱ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል። ቲማቲሙ ከዚህ በኋላ ይገባል። ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ዝኩኒ ወይም አተር። ቆስጣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል፤ ለእሱ 2 ደቂቃ በቂ ነው።

ይህ የሚሠራው አከታተፉ እኩል ከሆነ ነው። እኔ ካሮትና ድንቹን አንድ ሳንቲ ተኩል ገደማ አደርጋቸዋለሁ። ማንኪያ ላይ ሥጋውም ካሮቱም ድንቹም አብረው ይገኛሉ። ግማሽ ድንች ከነትልቅነቱ የሚንሳፈፍበት ሾርባ ቢላ ይፈልጋል።

ውሃ ማብዛት

ለግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ ለ3 ካሮት፣ ለ3 መካከለኛ ድንችና ለአንድ እፍኝ ፎሶሊያ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ወይም መረቅ ይበቃል። 6 ሰው ያጠግባል። ጎድሎ ከታየ መጨመር ይቻላል፤ የበዛውን ማስወጣት ግን ከባድ ነው። ከቀጠነባችሁ ዱቄት ከመበጥበጥ በፊት አምስት ስድስት ቁራጭ ድንች በጭልፋ ጀርባ ድስቱ ዳር ላይ ጨፍልቁ። የድንቹ ስታርች ያወፍረዋል።

እሳቱን ለቆ መሄድ

እየተንተከተከ የሚበስል ሾርባ ሥጋው ይጠነክራል፣ ቅባቱ ከውሃው ጋር ተመቶ መረቁ ይደፈርሳል፣ ድንቹም ይፈርሳል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱት። እዚህም እዚያም አልፎ አልፎ አረፋ ብቅ ካለ ይበቃል። ሥጋው የተፈጨ ስለሆነ እንደ ትልቅ ሙዳ ሰዓታት አይፈልግም። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በቂው ነው።

ጨውን ከመጀመሪያው መጨረስ

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባል የለ? ሾርባ ላይ ግን ችግሩ የሚመጣው ጨው ሲጣፍጥ ሳይሆን ሲበዛ ነው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨው አብሮት አይተንም። መጀመሪያ ልክ የነበረው መጨረሻ ላይ ይበዛል። የሾርባ ማጣፈጫ ኩብ ከጨመራችሁማ ጨው ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ሥጋውን ስትጠብሱ ቁንጥር፣ መሀል ላይ ትንሽ፣ የመጨረሻውን ደግሞ እሳቱ ሲጠፋ ቀምሳችሁ ጨምሩ።

ጨው ሲበዛ «ድንች ክተቱበት፣ ይመጠዋል» የሚል ምክር አለ። ድንቹ ጨዋማውን ውሃ ይጠጣል እንጂ ጨውን ለይቶ አይመጥም። ሾርባው ያው ጨዋማ ነው፤ አሁን ድንቹም ጨዋማ ሆነ። ውሃ መጨመር ይሻላል።

ደግሞ ቀምሳችሁ «የሆነ ነገር ጎደለው» ስትሉ ሁልጊዜ ጨው አይደለም የጎደለው። ብዙ ጊዜ ጥቂት ጠብታ ሎሚ ነው። መጨረሻ ላይ ሞክሩት።

ፓስታ ወይም ሩዝ ድስቱ ውስጥ ማሳደር

ዛሬ ሾርባ፣ ነገ ገንፎ። መረቁን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጡ ያድራሉ። ለብቻ ቀቅሉና ስትበሉ ሳህናችሁ ላይ ጨምሩ።

ትልቁን ድስት ምድጃ ላይ ትቶ መተኛት

ይሄኛው ከጣዕም በላይ ነው። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ውስጡ ሁሉ ይዳረሳል። ለዚህ ነው የተፈጨ ሥጋ ውስጡ እስከ 71 ዲግሪ መድረስ ያለበት፤ ቀለሙ መቀየሩ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። እየፈላ 30 ደቂቃ የቆየ ሾርባ ይህን አልፏል። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሙቀትን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ትልቅ ድስት ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ለብ ባለው ጊዜ ይራባሉ።

ስለዚህ ሾርባው ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ከነድስቱ ፍሪጅ ብታስገቡትም መሀሉ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ጠለቅ ባላሉ ትንንሽ ዕቃዎች አከፋፍሉት። 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ስታሞቁት የምትበሉትን ያህል ብቻ ቅዱና እስኪፈላ አሙቁ፤ ድስቱን በሞላ በየቀኑ እያሞቁ መመለስ ድንቹን ጭቃ ያደርገዋል።

ፍሪዘር ውስጥ 2 ወይም 3 ወር ይቀመጣል። ለፍሪዘር ብላችሁ የምትሠሩት ከሆነ ግን ድንቹን ተዉት። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ድንች አፍ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። በምትበሉበት ቀን ትኩስ ቀቅላችሁ ጨምሩበት።