ቁጥራችሁን ሳትሰጡ ለመጻጻፍ

ለገጣፎ ባልትና የምትሸጥ ሴት በየፓኬቱ ጀርባ ስልክ ቁጥሯን ትለጥፋለች። ቁጥሩ ለሽሮ ማዘዣ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረበትም። ግን ያን ቁጥር የያዘ ሁሉ በቴሌብር ብር ሊልክ ሲሞክር ስሟ ይመጣለታል፤ ስልኩ ላይ መዝግቦ ቴሌግራም ሲከፍት፣ ካልዘጋችው በቀር፣ ፎቶዋን ያያል፤ ሲም ካርዱ ደግሞ በመታወቂያ የወጣ ነው። ማታ ማታ የሚደውልባት ሲበዛ ሲሙን ብትቀይር ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል።

ቁጥር የማይጠይቁ መተግበሪያዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር ናቸው። ከመጫናችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ይግባችሁ፦ ቁጥሩ ሦስት ሥራ ይሠራ ነበር። ሰው እንዲያገኛችሁ ያደርጋል፣ ስልክ ሲጠፋ አካውንት ያስመልሳል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ይጠቁማል። ቁጥሩን ስታወጡት ሦስቱም ሥራ እናንተ ላይ ይወድቃል። ሰው "አስቸገረኝ" ብሎ መተግበሪያውን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ሳይሠራ ቀርቶ ነው።

የትኛው ለምን

ቴሌግራምና ዋትስአፕን እንተዋቸው፤ ሁለቱም የሚከፈቱት በቁጥር ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሲክሬት ቻት ያልሆነው ተራ ጨዋታ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከላኪው እስከ ተቀባዩ የተመሰጠረ አይደለም። ሲግናል ምስጠራው አስተማማኝ ነው፤ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዲህም በዩዘርኔም መገናኘትና ቁጥርን ከሰው መደበቅ ይቻላል። ለመመዝገብ ግን ቁጥር ይጠይቃል። ጭንቀታችሁ "ቁጥሬን ሰው እንዳያይብኝ" ብቻ ከሆነ እሱ ይበቃችኋል፤ ሌላ አትድከሙ።

ቁጥርም ኢሜይልም ከማይጠይቁት ውስጥ ሴሽን በ05 የሚጀምር 66 ሆሄያት ያሉት መለያና 13 ቃላት ያሉት የመመለሻ ቁልፍ ይሰጣችኋል። ቃላቱን የያዘ ሰው አካውንቱን እንደያዘ ቁጠሩት። ዴልታ ቻት በኢሜይል መንገድ የሚሠራ ሲሆን አሁን ስም ብቻ አስገብቶ አድራሻውን ራሱ ይፈጥራል፤ ደካማ ኔትወርክ ላይ ይችላል። ትሪማ ጥሩ ነው፣ ግን የሚገዛ ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ደጁ ላይ ይቀራል። ለኮዬ ፈጬም ሆነ ለሰበታ ሰው የምንመክረው ሁለት ነው፦ ለዕለት ተዕለቱ ሲምፕሌክስ፣ ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቀን ብራየር።

ከየት ይጫናል

ከፕሌይ ስቶር፣ ከኤፍድሮይድ (የነፃ አንድሮይድ መተግበሪያዎች መደብር) ወይም ከመተግበሪያው ከራሱ ድረ ገጽ። ብራየር የስልክ መተግበሪያው ለአንድሮይድ ብቻ ነው፤ ሲምፕሌክስ አይፎን ላይም አለ። የቴሌግራም ቻናል ላይ "ሞድ የተደረገ" ተብሎ የተለጠፈ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) አትጫኑ። ምስጢር የሚጠብቅ መተግበሪያ በማይታወቅ እጅ ተነካክቶ ከመጣ ከተራ ኤስኤምኤስ ይብሳል። ከድረ ገጽ ስትጭኑ ስልኩ "ካልታወቀ ምንጭ መጫን" የሚለውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለብራውዘሩ ፍቀዱ፣ ጭናችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ ዝጉት።

ሲምፕሌክስ

ስም ይጠይቃል፣ ሌላ ምንም። የሚጻፈው ስም የግድ የራሳችሁ መሆን የለበትም፤ ፎቶም አያስፈልግም። ከሌሎቹ የሚለየው ለተጠቃሚው ምንም መለያ አለመስጠቱ ነው። እንደ ሴሽን ያለ ረጅም ኮድ እንኳ የለውም። ለእያንዳንዱ ወዳጅ ለብቻው የመልእክት ወረፋ ይከፍታል፣ አንዱ መሄጃ ሌላው መምጫ።

ቀጥሎ የማሳወቂያውን ዓይነት ያስመርጣችኋል። "ኢንስታንት" ያለው ጀርባ ላይ ዘወትር ይሠራል፣ ትንሽ ባትሪ ይበላል፤ "ፒሪዮዲክ" አንድሮይድ ላይ በየ10 ደቂቃው ገደማ ይፈትሻል። ሁለቱም የሚበላሹት በአንድ ምክንያት ነው፦ እንደ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ያሉ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ጀርባ ላይ ያለውን መተግበሪያ ይዘጉታል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ሲምፕሌክስ፣ ባትሪ ገብታችሁ "አንሪስትሪክትድ" አድርጉት፤ ስልኩ የራሱ "ስልክ ማናጀር" ካለው እዚያም ፍቀዱለት። "መልእክት የሚመጣልኝ መተግበሪያውን ስከፍተው ብቻ ነው" የሚለው ቅሬታ አብዛኛው መድኃኒቱ እዚህ ነው።

ሰው ለመጨመር "ዋን ታይም ሊንክ" ፍጠሩ። ኪውአር ኮድ ይወጣል፤ አጠገባችሁ ላለ ሰው በካሜራ አስነብቡት፣ ሩቅ ላለ ሊንኩን ላኩለት። ሊንኩ የሚሠራው ለአንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ ነው። ግሩፕ ላይ ከለጠፋችሁት መጀመሪያ የነካው ይገናኛችሁና ሌላው ስህተት ያገኛል። "ኮኔክቲንግ" ብሎ ከቆመ አትደንግጡ፤ ትውውቁ እንዲያልቅ የሁለታችሁም መተግበሪያ በየተራ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። ሊንኩን ልካችሁ ዳታ ከዘጋችሁ ሰውየው እስክትመለሱ ይጠብቃል።

ሊንኩን በምን እንደምትልኩት አስቡበት። በቴሌግራም ከላካችሁት ያ አዲስ ቁጥር አልባ መስመር ከቁጥራችሁ ጋር ተቋጥሮ ተወለደ ማለት ነው። በአካል ማስነበብ የመሰለ የለም። ካልሆነ በሌላ መንገድ ልካችሁ ስትገናኙ የወዳጃችሁን ስም ነክታችሁ "ቬሪፋይ ሴኩሪቲ ኮድ" የሚለውን ክፈቱና አንዳችሁ የሌላውን ኮድ አንብቡ። ኮዱ ከተመሳሰለ መሃል የገባ የለም።

ለባልትና ሻጯ ዋን ታይም ሊንክ አይሆንም፤ የሚያስፈልጋት "ሲምፕሌክስ አድራሻ" ነው፣ ብዙ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል። ከፕሮፋይሏ ትፈጥረዋለች፣ የኪውአሩን ምስል ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በተለጣፊ ወረቀት ታሳትማለች። ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ አታድርጉት፤ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ሥር ከገባ ካሜራ አያነበውም፣ በርበሬ ከነካካውም እንደዚያው። ጥያቄ ሲመጣ ትቀበላለች ወይም ትተወዋለች። የሚያስቸግር ሲበዛ አድራሻውን አጥፍታ አዲስ ትፈጥራለች፤ የቆዩት ደንበኞች አብረው አይጠፉም። ሲም መቀየር ይህን አይሰጥም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሁለት ደንበኞች ያነበቡት ያው አድራሻ ከሆነ የሚያወሩት ከአንድ ሰው ጋር መሆኑን ያውቃሉ። ቤተሰብና ገበያ እንዳይገናኝ ለገበያው ሌላ ፕሮፋይል ይከፈት።

ግሩፕ ላይ ከዕቁብ መጠን አትለፉ። እያንዳንዱ መልእክት ከስልካችሁ ለእያንዳንዱ አባል ለየብቻ ስለሚላክ 15 ሰው ጥሩ ነው፤ 300 ሰው ስልኩን ያሞቀዋል፣ ዳታውንም ይጨርሳል።

ተቀባዩ ሳይከፍት ከቆየ መልእክቱ ሰርቨር ላይ የሚጠብቀው 21 ቀን ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ የተዘጋው ሦስት ሳምንት ያህል እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ልኩን ያሳያል።

ብራየር፦ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ

ከከተማው ዳር መብራት ከጠፋ ቆይቶ የአካባቢው የኔትወርክ ማማ ባትሪም ያልቃል፣ ከዚያ ዳታ የለም። ብራየር ኢንተርኔት ሲኖር በቶር (መልእክቱን በብዙ ኮምፒውተሮች አዙሮ መነሻውን በሚደብቅ ኔትወርክ) በኩል ይሄዳል፤ ሳይኖር በዋይፋይና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፋል።

ስም አስገቡና የይለፍ ቃል ፍጠሩ። አካውንቱ የሚቀመጠው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው፤ "ረሳሁት" የሚለው ቁልፍ አካውንቱን ያጠፋል እንጂ ቃሉን አይመልስም፣ ባክአፕም የለውም። መተግበሪያው ከተነቀለ ሁሉም ይሄዳል። ለእናታችሁ የምትከፍቱላቸው ከሆነ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የቤቱ ካርታ ያለበት ቦርሳ ውስጥ አኑሩላቸው።

ስልኩ ላይ ብራየር የሌለው ጎረቤት ኢንተርኔት ባይኖርም ማግኘት ይችላል። ከሴቲንጉ ውስጥ መተግበሪያውን ያለ ኢንተርኔት ማጋሪያ አለ፤ ስትነኩት ስልካችሁ ሆትስፖት ይከፍታል። ጎረቤታችሁ ዋይፋዩን ይያያዛል፣ ቀጥሎ የሚወጣውን አድራሻ በብራውዘሩ ከፍቶ ያወርዳል። ገጹ እምቢ ካለ የሞባይል ዳታው ክፍት ነው፤ ስልኩ "ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ በዳታ በኩል እየሄደ ነው። ዳታውን ያጥፋ።

አሁን ሁለታችሁ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቆማችኋል እንበል፣ ጨለማ ነው። ሁለታችሁም ብሉቱዝና ሎኬሽን አብሩ፤ አሮጌ የአንድሮይድ ስሪት ሎኬሽን ካልበራ በብሉቱዝ አጠገብ ያለን ስልክ ለመፈለግ አይፈቅድም። "አድ ኮንታክት ኒርባይ" ንኩ። ስክሪኑ ላይ ካሜራና ኮድ አብረው ይወጣሉ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ጨምሩ፣ ስልኮቹን አንድ ስንዝር ተኩል አራርቁ። አንዱ አንብቦ ማቆም የለበትም፤ ሁለቱም የየሌላውን ኮድ ማንበብ አለባቸው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ስንጥቁ ኮዱ ላይ ሲወድቅ ያስቸግራል። "ኮኔክሽን ፌይልድ" ካለ ሁለታችሁም ከመጀመሪያው ድገሙት።

ሩቅ ያለን ሰው በሊንክ መጨመር ይቻላል፣ ግን ሁለታችሁም የየሌላውን ሊንክ ማስገባት አለባችሁ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተገናኛችሁ ይከሽፋል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብራየር የግል መልእክትን በጎረቤት ስልኮች ላይ እያዘለለ ቦሌ አራብሳ ያለ ሰው ጋር አያደርስም። የግል መልእክት የሚሄደው ሁለታችሁ በቀጥታ ስትገናኙ፣ ወይም ከታች በምናየው የፍላሽና የሜይልቦክስ መንገድ ብቻ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው ፎረም (ብዙ ሰው የሚጽፍበት የጋራ ሰሌዳ) ላይ የተጻፈ ነው፤ ፎረሙን የያዘ ሰው ሌላውን የፎረሙን አባል ሲያገኝ ያቀብለዋል። ለብሎክ ነዋሪዎች "ውኃ መጣ፣ ጥበቃው የለም" ዓይነት ነገር ፎረም ክፈቱ።

ብሉቱዝ 10 ሜትር ገደማ ነው፤ የኮንክሪት ወለል መሃል ሲገባ ይቆራረጣል። ዋይፋይ ይሻላል፣ ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም መብራት ካገኘ ይበቃል። አብዛኛው ራውተር 12 ቮልት ነው፤ አዳፕተሩ ላይ አንብቡ። ፓወር ባንክ የሚያወጣው 5 ቮልት ስለሆነ ወደ 12 የሚያሳድግ የዩኤስቢ ገመድ ያስፈልጋል። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ራውተሩ 6 ዋት ከወሰደ፣ ገመዱ ላይ ከሚባክነው ጋር፣ 4 ሰዓት ከምናምን ይይዛል። ራውተሩ እየጠፋ እየበራ ከሆነ ገመዱ አልቻለውም፤ አዳፕተሩ 2 አምፒር የሚል ራውተር ላይ ይህ ይበዛል። ስልኮቹ ዋይፋዩ ላይ ሆነው ካልተያዩ ደግሞ "ጌስት" የሚለው ኔትወርክ ላይ ገብታችኋል፤ እሱ ስልክን ከስልክ ይለያል። ወደ ዋናው ግቡ።

ጨርሶ ለማይገናኙ ሰዎች የፍላሽ መንገድ አለ። በወዳጃችሁ ጨዋታ ሜኑ ውስጥ መልእክቱን በተመሰጠረ ፋይል አውጥታችሁ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ላይ አድርጉት። ከጣፎ ወደ ጀሞ የሚሄድ ሰው በኪሱ ይዞት ቢሄድ ከፍቶ ማንበብ አይችልም።

ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ የሁለታችሁም ብራየር በአንድ ጊዜ ካልበራ መልእክት አይደርስም። አሮጌ አንድሮይድ ካላችሁ ብራየር ሜይልቦክስ ጭኑበት፣ ቻርጀር ሰክታችሁ ዋይፋይ ላይ ተዉት፤ እናንተ በሌላችሁበት ይቀበልላችኋል።

የማይሸፍኑት

ማንነት አልጠየቀም ማለት አትታዩም ማለት አይደለም። መስመሩን የሚሰጣችሁ ድርጅት ይዘቱን ባያይም ሲሙ ከየትኛው ሰርቨር ጋር እንደተያያዘ ያያል። ፕሌይ ስቶር የጫናችሁትን በጉግል አካውንታችሁ መዝግቧል። ተቀባዩ ስክሪኑን በሌላ ስልክ ፎቶ ቢያነሳው ምንም መተግበሪያ አያድንም። ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ የሚያጋልጠው የተቆለፈ ስክሪን ላይ ብቅ የሚለው ማሳወቂያ ነው፤ ሲምፕሌክስ ላይ "ኖቲፊኬሽን ፕሪቪው" ውስጥ ገብታችሁ ይዘቱንም ስሙንም ደብቁ፣ "ሲምፕሌክስ ሎክ"ንም አብሩ።

ስልክ ስትቀይሩ

ሲምፕሌክስ ላይ መጀመሪያ የዳታቤዙን (የመልእክቶቹን ማከማቻ) የይለፍ ቃል ራሳችሁ አውጡ፤ መተግበሪያው በዘፈቀደ የፈጠረው ስልኩ ውስጥ ብቻ ስላለ አዲሱ ስልክ አይከፍተውም። ከዚያ "ማይግሬት ቱ አናዘር ዲቫይስ" ብላችሁ ኮዱን በአዲሱ ስልክ አስነብቡ። ከተሻገራችሁ በኋላ አሮጌውን ዳግም አትክፈቱት፤ አንድ ፕሮፋይል ሁለት ስልክ ላይ ሲሠራ የምስጠራው ቅደም ተከተል ይዛባና መልእክቶች መፈታት ያቆማሉ። ብራየር አይሻገርም፤ አዲሱ ላይ አዲስ አካውንት ከፍታችሁ ከሰዎቻችሁ ጋር እንደገና ኮድ ትነባበባላችሁ። ስለዚህ አሮጌውን መርካቶ ወስዳችሁ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ሳምንት ያህል ሁለቱንም ይዛችሁ ቆዩ፣ ከዚያ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት።