በወንዝ ላይ ጀልባ ለሚያሽከረክር ሰው፦ ከአንድ አደጋ የሚወሰድ የጥንቃቄ መመሪያ

ግንቦት 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት፣ በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ዝናብ እየዘነበና የዳኑብ ወንዝ ሞልቶ እየጋለበ ሳለ፣ 35 ሰዎችን የያዘችው «ሃብሌያኒ» የተባለች አነስተኛ የጉብኝት ጀልባ 135 ሜትር ርዝመት ባለው የመንገደኞች መርከብ ከኋላዋ ተገጭታ በማርጋሬት ድልድይ አጠገብ ሰጠመች። ጀልባዋ ከተገለበጠች በኋላ ለመስጠም የፈጀባት ጊዜ በሴኮንዶች የሚቆጠር ነበር፤ በሕይወት የተገኙትም 7 ሰዎች ብቻ ናቸው። ተሳፋሪዎቹ የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ከ4 ዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት የትልቁን መርከብ ካፒቴን በቸልተኝነት ጥፋተኛ ብሎ የ5 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈርዶበታል።

ይህን አደጋ ያስቀደምኩት በወንዝ ላይ ሕይወት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከግጭቱ በፊት በተደረገው ነገር መሆኑን በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ጀልባ በሴኮንዶች ውስጥ ሲሰጥም ከመቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጃኬቱ ገና ከዳር ሳይነሱ በፊት ሰውነት ላይ መሆን አለበት። መልበስ ብቻውን ግን አይበቃም። ማያያዣዎቹን በሙሉ ከቆለፉ በኋላ ሌላ ሰው የጃኬቱን ሁለት ትከሻ ይዞ ወደ ላይ እንዲስብ ያድርጉ፤ ጃኬቱ ተንሸራቶ አገጭዎን ካለፈ ውኃ ውስጥ ከራስዎ ላይ ሊወልቅ ይችላልና ያጥብቁት፣ ካልጠበቀም ልክዎ የሆነውን ይቀይሩ። ለሕፃናት በእግሮቻቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ይምረጡ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ለልጅ ፈጽሞ አይሆንም።

ከመነሳትዎ በፊት ወንዙ እየሞላ ወይም እየጎደለ መሆኑን ይወቁ። እርስዎ ያሉበት ቦታ ፀሐይ ሆኖ የላይኛው ተፋሰስ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ቀላሉ መንገድ ውኃው ከዳሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንጨት ተክሎ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማየት ነው፤ ውኃው እንጨቱን አልፎ ከሄደ፣ ወይም ከደፈረሰና ቅርንጫፍ ማግተልተል ከጀመረ፣ ጉዞውን ያስተላልፉ። የወራጅ ውኃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በጀልባው ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ትናንት በቀላሉ ያለፉበት ቦታ ዛሬ ከሞተርዎ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

በጉዞ ላይ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ማየት ነው። ዓለም አቀፉ የ1972 (እ.ኤ.አ.) የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ማንኛውም ጀልባ በማንኛውም ጊዜ በዓይንም በጆሮም በቂ ክትትል እንዲያደርግ ያዛል፤ ክትትሉም ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ነው። ጠባብ መተላለፊያ ላይ አደጋ እስካልፈጠረ ድረስ ወደ ቀኝ ዳር ተጠግተው ይሂዱ፤ ፊት ለፊት የሚመጣ የሞተር ጀልባ ሲያጋጥም ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። በደንቡ መሠረት አንድ አጭር የጥሩምባ ድምፅ ወደ ቀኝ፣ ሁለት አጭር ወደ ግራ እየታጠፍኩ ነው ማለት ሲሆን፣ አምስት ተከታታይ አጫጭር ድምፆች ደግሞ የሌላው አካሄድ እንዳልገባዎት ወይም እንዳሰጋዎት ይናገራሉ። ሆኖም አንዳንድ ወንዞች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው የሚሄዱበትን ወንዝ ሕግ አስቀድመው ይጠይቁ። ትልቅ መርከብ ከአፍንጫው ፊት ያለውን ሰፊ ቦታ እንደማያይና በቶሎ መቆም እንደማይችል አስታውሰው መንገዱን ይልቀቁለት፤ ከውኃው ጋር ቁልቁል የሚወርድ ጀልባም ለመቆም እንደሚቸገር አይርሱ።

የውኃውን ገጽ ማንበብ በልምድ የሚገኝ ጥበብ ቢሆንም መነሻው ቀላል ነው። ጫፉ ወደ ታችኛው ወራጅ የሚያመለክት ለስላሳ የሹል ቅርጽ ብዙውን ጊዜ መተላለፊያ ነው፤ ጫፉ ወደ እርስዎ ወደ ላይ ያመለከተ ከሆነ ግን ከሥሩ ድንጋይ ወይም ግንድ አለ። የድልድይ ምሰሶዎች መካከል የሚያልፉበትን መስመር ከሩቅ ይምረጡ። ውኃው ገፍቶ ጀልባውን በጎኑ ከምሰሶ ወይም ከድንጋይ ጋር ካጣበቀው፣ ደመ ነፍስ ከሚለው በተቃራኒ ሁሉም ሰው ወደ ምሰሶው ያዘንብል፤ ከምሰሶው የሸሸ ሰው የላይኛውን ጠርዝ ወደ ወራጁ ስለሚያወርደው ውኃው ወዲያው ይገባል። መልህቅም ምንጊዜም ከጀልባው አፍንጫ እንጂ ከኋላው አይጣል።

በተለይ ልለምንዎ የምፈልገው ዝቅ ያሉ ግድቦችን እንዲሸሹ ነው። ከላይ ሲታዩ ቀጥ ያለ መስመር እንጂ አደጋ አይመስሉም፤ ከሥራቸው ያለው ውኃ ግን ወደ ግድቡ እየተመለሰ ስለሚሽከረከር ጀልባንም ጃኬት የለበሰ ሰውንም ይዞ ያስቀራል። ከግድቡ በቂ ርቀት ላይ ከወንዙ ወጥተው ጀልባውን በየብስ ያሳልፉት።

ውኃ ውስጥ ከወደቁ በጀርባዎ ተንሳፍፈው እግርዎን ወደ ታችኛው ወራጅ ያድርጉ፤ በሚጋልብ ውኃ ውስጥ ለመቆም አይሞክሩ፣ እግር በድንጋዮች መካከል ከተያዘ ውኃው ሰውነትን ይደፍቃልና። ቀዝቃዛ ውኃ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ መዋኘትን ትተው መተንፈስን ብቻ ያስቡ። ጀልባው ከተንሳፈፈ ይያዙት፣ ግን ከእርስዎ በታችኛው ወራጅ በኩል ይሁን፤ በላይኛው ወራጅ በኩል ከሆነ በእርስዎና በድንጋይ መካከል ያጣብቅዎታል። ከፊትዎ የወደቀ ዛፍ ካለና ማምለጫ ካጡ፣ በደረትዎ ተገልብጠው ወደ ግንዱ በኃይል እየዋኙ ይውጡበት፤ ውኃው ከቅርንጫፎቹ ሥር ካስገባዎት መውጫ የለም።

የወደቀውን ለማዳን ተከትሎ መዝለል ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሟች ይጨምራል። ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩ። በጀልባ ከቀረቡ አፍንጫውን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙረው ከታች በኩል ቀስ ብለው ይጠጉና፣ ሰውየው እጅ ሲደርስ ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያም ተሳፋሪዎችን በስም እየጠሩ ይቁጠሩ።